ሰኞ በእሳት ጀምሬ ሐሙስ ላይ የምበርደው ለምንድን ነው?

ማራኪ_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን ልጻፍ ብዬ ነው።

አካውንቲንግ ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ስል ኮርሱን ነው። የመውጫ ፈተናውን አላለፍኩም። ማለፊያው 50 ነው፣ እኔ ለጥቂት ቀረሁ። ስለዚህ ዲግሪ የለም። አሁን ጎንደር ማራኪ አካባቢ አክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሠራሁ ለሚቀጥለው ዙር እየተዘጋጀሁ ነው። ለሰው እንደዚያ ነው የምለው።

ሥራው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ጠዋት ሱቁን ስከፍት አብሮኝ የተማረ ልጅ ቴምፖውን፣ ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃውን፣ ይዞ ይመጣል። «አምስት ኮፒ፣ ማህተሙ ጥርት ይበል እሺ» ይለኛል። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ደፍቼ ክዳኑን እጫናለሁ። መብራቱ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። የወጣውን ኮፒ አነሳለሁ፤ ሞቅ ይላል። ስሙ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ማህተሙ አለ። «እንኳን ደስ አለህ» እላለሁ። ከልቤ ነው፣ ልጁ ለፍቶበታል። ማታ ቤት ስገባ ግን ሀንድአውት የመክፈት ወኔው የለኝም።

ችግሬ አለመጀመር አይደለም። መጀመር ላይ ማን ይችለኛል! ቲክቶክ ላይ አንድ አነቃቂ ንግግር ከሰማሁ እሳት እሆናለሁ። በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ፕሮግራም አወጣለሁ። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ። ማክሰኞም እነሳለሁ። ረቡዕ አላርሙን አጠፋለሁ። ሐሙስ ላይ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ነው፣ እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ከዚያ ራሴን መስደብ። ከዚያ እሑድ ማታ ሌላ ቪዲዮ።

እናንተ ሞራላችሁን እንዴት ነው የምትይዙት? ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳትሉኝ። እሱን እናቴ በቀን ሁለቴ ትለኛለች።

ብሩህ_ተስፋ · ሰኞ፣ 3፡24

አይዞሽ እህቴ፣ ሁሉም ለበጎ ነው። ማታ ማታ ጋወን ለብሰሽ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ፣ ቤተሰብሽ እልል ሲል በዓይነ ሕሊናሽ እያየሽ ተኚ። በየቀኑ አድርጊው። አእምሮ ያየውን ያመጣል።

ሳሙና_በር · ሰኞ፣ 3፡41

ብሩህ፣ ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ። ግን ይሄ ምክር ልጅቷን ይጎዳታል። የምቀልድ እንዳይመስልህ።

ጋብሪኤለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ሊቅ በዚህ ላይ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ከዶሪስ ማየር ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ሥራ ሊፈልጉ የተነሱ ተመራቂዎችን ጠየቁ፤ ጥሩ ሥራ እንዳገኘህ አድርገህ በሐሳብ ስንት ጊዜ ትመላለሳለህ አሏቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው አዩ። በሐሳብ ብዙ የተመላለሱት ያስገቡት ማመልከቻ ያንሳል። የቀረበላቸው የሥራ ዕድል ያንሳል። ደሞዛቸውም ያንሳል።

አሁን ልብ በል። እዚያው ጥናት ላይ «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት የተሻለ ነው የሆነላቸው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይሳካልኛል የሚለው ሰው እስካሁን ከሠራው ተነስቶ ነው የሚለው። በሐሳቡ ጋወን የሚለብሰው ግን ደስታውን በተቀመጠበት ጨርሶታል። ልብ ቀድሞ ከጠገበ እጅ ምን ብሎ ይነሳል?

ኦቲንገን የምትለው እንዲህ ነው። የምትፈልጊውን አስቢ። እሱን እንዳሰብሽ የሚያግድሽን አስቢ፣ በተለይ አንቺው ዘንድ ያለውን። ከዚያ «ይሄ ሲመጣ ይሄን አደርጋለሁ» ብለሽ ቁረጪ። ስለዚህ እህቴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ምንድን ነው የሚሆነው? ስሜትሽን አይደለም የምጠይቅሽ። ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ምን በልተሽ? ማን ቤት አለ?

ማራኪ_ልጅ · ሰኞ፣ 3፡58

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም።

ረቡዕና ሐሙስ ተማሪ አሳይንመንት የሚያስረክብበት ሰሞን ነው፤ አርብ አርብ ይሰበስቧቸዋል። ሱቁ እስከ ምሽቱ 2፡30 አይዘጋም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ቤት ስገባ እግሬ የኔ አይደለም። ፕሮግራሙ ላይ ግን «ከ1 እስከ 4 ሰዓት ኮስት አካውንቲንግ» ይላል፣ በቀይ።

ሳሙና_በር · ሰኞ፣ 4፡02

ታዲያ ሰነፍ አይደለሽም። ፕሮግራሙ ነው ውሸታም። 1 ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ የምትሆኚ ሰው ቤት እንዳለሽ አድርጎ የጻፈልሽ ማነው?

ዲሲ_የጎንደር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡15

ሰላም የሀገሬ ልጆች። ናፍቃችሁኛል፤ ጃንተከል ዋርካውን ሳሙልኝ።

እህቴ፣ ዋናው ዲሲፕሊን ነው። እዚህ ሀገር የተሳካላቸው ሰዎች ሁሉ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ቀዝቃዛ ሻወር ይወስዳሉ፣ ስፖርት ይሠራሉ፣ ግባቸውን ይጽፋሉ። ስልክ አይነኩም። ይሄን አንድ ወር አድርጊና ሕይወትሽ ሲቀየር ታያለሽ።

እናት_አዘዞ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጄ ዲሲ፣ ቀዝቃዛ ሻወሩን ውሃ ሲመጣ እንወስደዋለን።

በዕድሜ እበልጣችኋለሁና አትቀየሙኝ። የማታ ተማሪ ነኝ። ልጆቼን አስተምሬ ጨርሼ ነው እኔ ደብተር የያዝኩት። ቀን እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። አልመልስለትም፤ ሊጥ ይጠብቀኛል።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። አንዳንዴ ፈረቃውም ይረሳናል። ውሃ የመጣ ሌሊት ጥናት የሚባል ነገር የለም። በርሜል ይሞላል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል። ይሄን አውቄ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ። ውሃ ከመጣ ጥናት የለም፤ በማግስቱ ምጣድ ሥር አጠናለሁ። ውሃ ካልመጣ ሰው ሲተኛ እቀመጣለሁ። መብራት ከሄደ በቃሌ የያዝኩትን ለራሴ እላለሁ። ለሁሉም ቀን ድርሻ ስለሰጠሁት የሚያናድደኝ ቀን የለም።

ምጣድ ሥር እንዴት ይጠናል ካላችሁ፣ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በከሰል ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ። ፍቺውን ከማዶ፣ ጀርባዬን በምሰጠው በኩል። ሊጡን አዙሬ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ስደፋ ቃሉን አያለሁ። እስኪበስል ፍቺውን አስታውሳለሁ። አክንባሎውን ከፍቼ እንጀራውን ሳወጣ ዞር ብዬ አያለሁ፣ ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም። ጢሱ ግድግዳውን ሲያጠቁረው ደግሞ ጠርጌ ሌላ እጽፋለሁ። ልጄ «እማዬ ወጥ ቤቱን ትምህርት ቤት አደረግሽው» ትለኛለች።

አንቺም ልጄ ማሽኑ ኮፒ እስኪያወጣ ቆመሽ ነው የምትጠብቂው። እስኪ እሱን አስቢበት።

ማራኪ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሱቅ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ደንበኛ ቆሞ «ምን ያስቅሻል?» አለኝ።

ባለባጃጁ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

የነዳጅ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ጊዜ አለኝ። እኔ የሰማሁት አንድን ነገር 21 ቀን ሳታቋርጥ ከደገምከው ልማድ ይሆናል ነው። አንድ ቀን ከዘለልክ ግን ከአንድ ትጀምራለህ ይላሉ። ስለዚህ እህቴ፣ ሃያ አንዷን ቀን ጥርስሽን ነክሰሽ ያዢ።

ጠመኔ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ባለባጃጁ ወንድሜ፣ ይሄ 21 ቀን የሚባለው ሰው ሁሉ የሚቀባበለው ነገር ሆኗል። ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የጻፈው፣ ፊታቸውን ያስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል ብሎ ነው። ስለ አፍንጫ እንጂ ስለ ጥናት አልነበረም።

በደንብ የለካችው ፊሊፓ ላሊ ናት፣ ከለንደን ባልደረቦቿ ጋር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር መርጠው ለ12 ሳምንት ተከታተሏቸው። ከቁርስ በኋላ ውሃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት መሮጥ፣ የመሳሰለውን። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን አማካዩ 66 ቀን ወጣ። እንደ ሰውና እንደ ነገሩ ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል፤ ከ12 ሳምንቱ የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው።

ለማራኪ ልጅ የሚጠቅማት ሌላው ውጤት ነው። አንድ ቀን መዝለል ብዙም አላበላሸባቸውም። በማግስቱ ከቀጠሉ ልማዱ እንደነበረ ይሄዳል። ስለዚህ ረቡዕ አላርም ማጥፋትሽ አይደለም የጣለሽ። የጣለሽ «በቃ ተበላሸ፣ ሰኞ እንደገና እጀምራለሁ» ማለትሽ ነው። ከረቡዕ እስከ ሰኞ ያሉትን ቀናት ማን ወሰዳቸው?

ሌላ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ስትቀመጪ እንዴት ነው የምታጠኚው?

ማራኪ_ልጅ · ማክሰኞ፣ 3፡00

ሀንድአውቱን አነባለሁ። በማርከር አሰምራለሁ። ከዚያ ያሰመርኩትን እደግማለሁ። ብሉፕሪንቱ (የፈተናው ይዘት ዝርዝር) ላይ ያሉትን ኮርሶች በየተራ እሄድባቸዋለሁ። ሳነበው ሁሉም ይገባኛል እኮ! ፈተና ላይ ግን አራቱም ምርጫ ልክ ይመስለኛል።

ጠመኔ · ማክሰኞ፣ 3፡25

ጠርጥሬ ነበር። ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማየው ነው።

ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበው። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ያነበቡት 40 በመቶ አስታወሱ፣ እየዘጉ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ። በጣም የሚገርመው ደግሞ፣ በደንብ እናስታውሰዋለን ብለው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው።

ይሄ ከሞራል ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ሁሉ ነገር ነው የሚያገናኘው! ልጅቷ ስታነብ የገባት ይመስላታል። ፈተና ላይ ይጠፋባታል። «ይሄን ያህል ለፍቼ ካልሆነ እኔ አልችልም ማለት ነው» ትላለች። ወኔ የሚጠፋው እዚያ ጋ ነው። ሰው ለፍቶ ውጤት ካላየ የፈለገውን ያህል አነቃቂ ንግግር ብታዘንብበት አይነሳም። ትንሽ ሠርቶ ትንሽ ለውጥ ካየ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሳል። እኔ ሞራል ቀድሞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ሥራው ሲጀመርና ሲይዝ ነው ከኋላ የሚከተለው።

እናት አዘዞ ምጣድ ሥር የሚያደርጉት እኮ ይሄንኑ ነው። ፍቺውን ከጀርባቸው ነው የጻፉት።

ዘጉባኤ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

መምህር ጠመኔ ያልከው ለጉባኤ ቤት አዲስ አይደለም። ትንሽ ልበል፤ ከረዘመብኝ ይቅርታ።

ቅኔውን ጎጃም ተምሬ፣ አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬ፣ ልማር ብዬ ነው ወደ ጎንደር የመጣሁት፤ በዓታ ቤተ ክርስቲያን። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ቅኔ ቤት ቁጭ ብሎ መጽሐፍ በመደጋገም የሚያልፍ የለም። ተማሪው ቀን ቀን ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ፣ ደበሎውን ተከናንቦ። ከሩቅ ብታየው የተኛ ይመስልሃል። ማታ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ይሰሙታል፣ ያርሙታል። የተበላሸውን ያቃኑለታል። በነጋታው ሌላ ይቆጥራል። የዛሬው እንደ ዛሬ ቀርቷል፤ ደጋግመህ አታቀርበውም።

ደግሞ አጀማመሩን እዩ። አዲስ ገቢ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት ቤት ማለት ሁለት ስንኝ ናት። እሷ እስክትቃና ሌላ የለም። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። እያለ እያለ መወድስ ጋ ሲደርስ ስምንት ቤት ይሆናል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ ልቁጠር የሚል ተማሪ ቢመጣ ጓደኞቹ እስኪያመው ይስቁበታል። የማራኪ ልጅ ፕሮግራም ከሰኞ ጀምሮ መወድስ ነው። ሦስት ሰዓት ኮስት አካውንቲንግ! በቀይ!

ሙድ የሚባለው ነገር እኛም ጋ ነበረ። ጠዋት አኮፋዳ ይዘህ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልክ በየደጁ ዞረህ፣ ውሻ አባሮህ፣ ኩርማን ይዘህ ተመልሰህ፣ ከዚያ ቅኔ ልቁጠር ስትል ልብህ እሺ አይልም። ብዙ ቀን ነው እንዲህ የሚሆነው። ግን ማታ ትነግራለህ። ባዶ አፍህን የኔታ ፊት መቀመጥ ያሳፍራል። ጓደኛህ ደግሞ ከጎንህ አለ፤ እሱም እንዳንተው ርቦታል፣ እሱ ግን ቆጥሯል። የያዘን እሱ ነው። ብቻዬን ብሆን በሁለተኛው ወር ወደ እናቴ ቤት ነበርኩ።

ስለዚህ እህቴን የምጠይቃት አንድ ነገር ነው። ማታ ለማን ነው የምትነግሪው?

ሳሙና_በር · ረቡዕ፣ 2፡34

ዘጉባኤ፣ ጥሩ ብለሃል። አለንጋውን ግን ዘለልከው። አጎቴ ጀርባ ላይ አሁንም ምልክቱ አለ።

ዘጉባኤ · ረቡዕ፣ 2፡40

አልዘለልኩትም፣ አላወደስኩትም እንጂ። እሱ ይቅር። ማታ መንገሩ ግን ይኑር።

የጨሰ_ሰው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ትጽፋላችሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ካለፈችስ በኋላ ምን ልትሆን ነው? ቴምፖ ይዘው ፒያሳ የሚውሉት ጥቂት ናቸው? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ወደ ዓመት ገደማ ስንቀመጥ የኦንላይን ኮርስ የጀመርን ልጆች ምን ሆንን? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጠው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2። ይሄ ሁሉ ልጅ ሞቲቬሽን ስላነሰው ነው? «አዎንታዊ ሁን» የሚለኝ ሰው ሳይ ይደብረኛል። መንገድ ሲዘጋ አዎንታዊ ሆኜ ምን ላድርግ፣ ልብረር?

ጠመኔ · ረቡዕ፣ 4፡40

የ3.3ቱ ጊዜ እኔም ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ውጤቱ በወጣ ሰሞን ተማሪዎቼ ዓይን ውስጥ ማየት ከብዶኝ ነበር። ልክ ነህ፣ ያ የአንድ ልጅ ስንፍና አይደለም። እንደዚያ የሚል ሰው ካለ ከእኔም ጋር ይጣላል።

እናት_አዘዞ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ፣ መጨስህ አይፈረድበትም። እኔም አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁ። አልቅሼ ሲያበቃ ግን ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል፣ መጋገር ነው። መንገድ ሲዘጋ የሚከፍተው እኔ አይደለሁም። ግድግዳዬ ላይ የምጽፈውን ግን ማንም አይዘጋብኝም። ደብረህ ቤት ብቻ አትዋል። አዘዞ በኩል ካለፍክ ና ቡና ጠጣ።

ባለባጃጁ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡45

የጨሰ ሰው፣ ልንገርህ? እኔ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ዲግሪዬ እናቴ ሳጥን ውስጥ አለ፤ የባጃጁ ሊብሬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ። የመጀመሪያ ሰሞን መምህሬን ጭኜው ሂሳብ አልቀበልም ብዬ ተጣልተናል። ሰው ሲያየኝ ኮፍያዬን ዝቅ አደርግ ነበር።

ዲግሪው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቅዳሜና እሑድ ለሰፈር ሰው የቤት ፕላን እሠራለሁ፣ የመሠረትና የብሎኬት ሂሳብ አወጣለሁ። መጀመሪያ ለጎረቤት በነፃ ነው የሠራሁት። ከዚያ የጎረቤቱ ወንድም መጣ። አሁን በወር አንዳንድ ሥራ አላጣም። ትልቅ ነገር አይደለም። ግን ባጃጅ ላይ ሆኜ ፎቅ ሲሠራ ሳይ እንደ ድሮው አልናደድም፤ ብረቱን ነው የማየው፣ አጠላለፉ ልክ ነው አይደለም እያልኩ።

ስለዚህ «ካለፈችስ በኋላ» ለሚለው መልሱን አላውቅም። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ግን እጅን ማፍታታት ይሻላል ባይ ነኝ።

አፄዎቹ_ደጋፊ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

ኳስ የማታውቁ ሰዎች ስለ ሞራል ስታወሩ ያስቀኛል። ፋሲል ከነማ በ2011 ዋንጫው መጨረሻ ላይ አመለጠን። በ2012 ሊጉ በኮሮና ተሰረዘ። ያን ጊዜ ደጋፊው ሁሉ «እኛ ጋ ዋንጫ አይገባም» ብሎ ነበር። በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆንን። ምክር የለኝም፤ ለማስታወስ ያህል ነው።

ዲሲ_የጎንደር_ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

እናት አዘዞ፣ ይግረፉኝ። ሁለቴ ነው ያነበብኩዎት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ 11 ሰዓት ላይ የምነሳው እኔ አይደለሁም። 11 ሰዓት ላይ ነው ከሥራ የምገባው። ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ የሌሊት ፈረቃ። የነርሲንግ ትምህርቴን የማጠናው እዚያችው የካሸር ቤት ውስጥ ነው፤ በመኪናና በመኪና መሀል። ከሁላችሁም የሚጠቅመኝ ደግሞ አንድ የአርማጭሆ ልጅ ነው። እሱ በሌላ ሕንጻ ላይ ነው የሚሠራው። ሌሊት ስልክ ደውሎ ከምዕራፉ አምስት ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ ካልመለስኩ ይሰድበኛል። ዘጉባኤ ያልከው ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ማታ የምነግረው ለእሱ ነው ለካ።

ማራኪ ልጅ፣ አንድ ሰው ፈልጊ። ካጣሽ እኔ እደውላለሁ፤ አካውንቲንግ ባላውቅም መልሱን ከወረቀት አያለሁ።

ማራኪ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05

አሁን ነው የገባሁት። ሱቁ ዛሬም 2፡30 ነው የተዘጋው።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የሦስት ቀለሙን ፕሮግራም ከግድግዳው አወረድኩት። ረቡዕና ሐሙስ ቤት ውስጥ ጥናት የለም ብዬ ቆረጥኩ። በምትኩ ሱቅ ውስጥ፣ የተበላሹ ኮፒዎች ጀርባ ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ መልሱን ገልብጬ በስተኋላ። ማሽኑ ሲያወጣ አንዷን አነሳለሁ። ዛሬ ብዙው አልመጣልኝም። ትርፍም ኪሳራም የማይኖርበት ነጥብ (ብሬክ ኢቨን) የሚሰላበትን፣ አውቀዋለሁ ብዬ የተማመንኩበትን፣ ሁለቴ ሳትኩት። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰውዬ መታወቂያ ሊያባዛ መጥቶ ቆሞ እያለ መጣልኝ። «አዎ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ደነገጠ።

ሞራሌ ተነሳ ብዬ አልዋሻችሁም፣ ደክሞኛል። ግን የሳትኩትን አውቄዋለሁ። ከዚህ በፊት የማላውቀውን እንኳ አላውቀውም ነበር።

ለማን ነው የምነግረው ለሚለው፣ አክስቴ ሱቅ ስንዘጋ ሦስት ጥያቄ ትጠይቀኛለች ብለን ተስማምተናል። አክስቴ እስከ 8ኛ ነው የተማረችው። «ዴፕሪሲዬሽን ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማሽኑን እያሳየሁ አስረዳኋት። «ታዲያ ይሄ ኮፒ ማሽን እየሞተ ነዋ! ስንት ቀረው?» አለችኝ። አሰላሁላት። ፊቷ ተለወጠ።

ጠመኔ · ሐሙስ፣ 4፡12

ከዚህ የተሻለ ፈታኝ ዩኒቨርሲቲም አታገኚ።

ብሩህ_ተስፋ · ሐሙስ፣ 4፡20

እኔ አሁንም ተስፋ ማድረግ አይጎዳም ባይ ነኝ። ግን ጋወኑን ትቼዋለሁ።

ሳሙና_በር · ሐሙስ፣ 4፡22

ብሩህ፣ ተስፋህን ያዝ። ማንም አልነካብህም።

ባለባጃጁ · አርብ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ማራኪ ልጅ፣ ማሽኑን ካሰላሽ ለእኛም ሥራ አለ። እኛ ተርሚናል ያሉ ባለባጃጆች እቁብም አለን፣ ለጎማና ለአደጋ የምናዋጣትም አለች። ሂሳቡን የሚይዘው ልጅ ሄደብን። ደብተሩ አለ፤ ገቢና ወጪው ግን አይገናኝም፣ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። መጥተሽ ብታስተካክይልን ለአንቺም ልምምድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጃንተከል ዋርካው ጋ እንሆናለን።

ሳሙና_በር · አርብ፣ 3፡30

ክፍያውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ልምምድ ነው» ብሎ በነፃ ማሠራት አይሠራም።

ባለባጃጁ · አርብ፣ 3፡34

እንከፍላለን እንጂ፣ ምን አስበህ ነው! ወደ ሱቅም በነፃ እናደርሳታለን።

ማራኪ_ልጅ · አርብ፣ 3፡50

ክፍያውን ደብተሩን ካየሁ በኋላ እንነጋገር። የነዳጅና የጎማ ወጪ ለየብቻ ነው የተጻፈው?

ባለባጃጁ · አርብ፣ 3፡55

ሁሉም አንድ ላይ ነው። የልጁ ሚስት የሽንኩርት ዋጋም ጽፋበታለች።

ማራኪ_ልጅ · አርብ፣ 4፡01

እንግዲያው አንድ ቅዳሜ አይበቃም። ደረሰኝ የሚባል ነገር ካላችሁ በፌስታል ሰብስባችሁ አምጡ፣ የተቀደደም ቢሆን።